ከቁርጥ በላይ የተቀመጠች ሙሽራ

ናይሮቢ ውስጥ «ኮምፒውተር ታውቃለች» የሚል ስም ያሰጠኝ አንድ ፕሪንተር ነው። ዌስትላንድስ በነበረው የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የሌሎችን ሪፖርት እያረምኩ ደመወዝ የምበላ ሰው ነበርኩ፤ ከኮምፒውተር ጋር የነበረኝ ትውውቅ ጽሑፍ ከመምታት አያልፍም። አንድ ቀን ፕሪንተሩ አላትምም ብሎ ቢሮውን ሲያተራምስ ሶኬቱን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁት፤ ማተም ጀመረ። ይህን ያየ አንድ ያገሬ ልጅ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አወራው። ወር ሳይሞላ የናይሮቢ ሐበሻ ላፕቶፕ ሲታመም እኔ ጋ ይመጣ ጀመር። እኔም አላስተባበልኩም። አብዛኛውን እየነቀልኩ እየሰካሁ አድን ነበር፤ ያልዳነውን ደግሞ «ዕድሜው ነው» ብዬ እመልሰዋለሁ።

ጋሼ የምላቸው ሰውዬም የመጡት ይህንኑ ዝና ሰምተው ነው። ፓርክላንድስ ውስጥ አንድ የድሮ የህንድ ቤት ተከራይተው ፊት ለፊቱን ሬስቶራንት አድርገውታል፤ ከጀርባው ከታናሿ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ክራባታቸውን ሳያስሩ ካውንተሩ ጀርባ የማይቆሙ፣ ለቁርጥ የሚመጣውን ሥጋ ራሳቸው አገላብጠው ካላዩ የማያስገቡ ሰው ነበሩ። ደንበኞቻቸው እንደኔ ዓይነት የቢሮ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ቤቱ ጠፍቶት ፓርክላንድስን ሲዞር ውሎ በርሃብ ጠውልጎ ሲደርስ «ዌብሳይት ቢኖራችሁ ምን አለበት?» አላቸው፤ ነገሩ ከነከናቸው።

ሠራሁላቸው። የሠራሁበት ፕሮግራም ከላፕቶፔ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ፎቶ እየጎተትሽ ትጥያለሽ፣ ከሥሩ ትጽፊያለሽ፣ በመጨረሻ «ፐብሊሽ» የሚለውን ትጫኛለሽ፤ የቀረውን እሱ ራሱ ይጨርሰዋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጋሼ በአትክልቱ መሃል በክራባት ቆመዋል፣ ቀጥሎ ካርታው አለ፣ መጨረሻ ላይ የምግቡ ዝርዝር። ጋሼ ዌብሳይታቸውን ወደዱት ማለት አይገልጸውም። በየጠዋቱ ሬስቶራንቱን ከመክፈታቸው በፊት ካውንተሩ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ያበሩና ገጹ እስኪመጣ ሻይ ይጠጣሉ። የዚያን ጊዜ የናይሮቢ ኢንተርኔት አንድ ኩባያ ሻይ በደንብ ያስጨርስ ነበር። ፎቶአቸው ከፀጉራቸው ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ጫማቸው ሲሟላ «ዛሬም አለ» ይላሉ፤ ዘግተውትም ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ጋሼ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ታላቋ ለትምህርት ለንደን ሄዳ እዚያው ቀረች፤ ከአንድ ጥሩ ልጅ ጋር ማዘጋጃ ቤት ፈርማ ተጋባች። ሽማግሌ አልተላከም፣ አባትም አልተጠየቁም። እንዴት ብዬ ልንገረው እያለች ስታመነታ ወሬው ቀደማት። ያን ቀን እኔ እዚያው ምሳ እየበላሁ ነበር። ከለንደን የመጣ አንድ እንግዳ ሲወጣ የጋሼን እጅ ጨብጦ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ልጅዎ አገባች አይደል» አላቸው። ጋሼ የሰውዬውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን» አሉት፤ ከድሮም እንደሚያውቅ ሰው። ፈገግም አሉለት። እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ለሰው እንደዚያን ዕለት አዝኜ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ተናገሩ ሲባል የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ለታናሿ ነው የተናገሩት። «አንቺን እንኳ በወጉ ይጠይቁኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብለዋታል።

ስለዚህ ታናሿ የምታገባበት ጊዜ ሲደርስ ሁሉንም በወጉ ለማድረግ ቆርጣ ተነሳች። ወጉ እንግዲህ እኛ የምናውቀው ወግ ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ቀሚስ ይሰፋል፣ ሚዜ ይመረጣል፣ ቪዲዮ አንሺው ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎች ገና ዛሬ የታሰበ ነገር ይመስል ኮስተር ብለው ይላካሉ። አባትም ምንም እንዳልሰማ ሰው ይደነግጣል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያውቅም። ልጅቷም ለአባቷ የነገረቻቸው «እሁድ ከሰዓት ቤት ሁን» ብላ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ለምን ብለው አልጠየቋትም።

እሁድ ሽማግሌ ሊመጣ ሰኞ ዕለት ቢሮዬ መጣች። ናይሮቢ ያደገች ልጅ ስለሆነች አማርኛዋ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እንግሊዝኛ ወይ ስዋሂሊ ይቀላቀለዋል።

«ፕሊስ አንድ ነገር ሥሪልኝ» አለች። «የዌዲንጉን ዌብሳይት። የሱ ዘመዶች ካናዳ ናቸው፣ ትኬት መቁረጥ አለባቸው። ዴቱን፣ ሆቴሉን፣ ሁሉን እዚያ ያዩታል።»

«አባትሽ ሳይጠየቁ?»

«ሊንኩን ለማንም አልሰጥም፣ አኪ። ድራፍት ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰንደይ ይመጣሉ፣ በነጋታው እልከዋለሁ።»

«አኪ» ብላ ስትምል ናይሮቢ ያደገ ልጅ ሁሉ እንደሚምለው ነው፤ ብዙም አያስይዝም። ሆኖም ነገሩ ደስ አለኝ፣ ተንኮልም ነገርም ያለበት ሥራ ሲመጣ እምቢ ማለት አልችልበትም። አዲስ አድራሻ ማውጣት ጣጣው ብዙ ስለሆነ በጋሼ ዌብሳይት ውስጥ አንድ ፎልደር ለመክፈት ተስማማን። ሐሳቡ የኔ ነው፤ አሁንም ቢሆን ጥሩ ሐሳብ ነበር እላለሁ። አንድ አድራሻ ማለት እንደ አንድ ግቢ ነው። ፊት ለፊት ዋናው ቤት አለ፣ ጓሮ ደግሞ ሰርቪስ ትሠሪያለሽ። የሬስቶራንቱን አድራሻ የጻፈ ሰው ዋናው ቤት ይገባል። ከአድራሻው ቀጥሎ የፎልደሩን ስም ካልጨመረ በቀር ጓሮ ምን እንዳለ አያይም። ጋሼ ሻያቸውን ይዘው ዋናውን ቤት ያያሉ፣ ሰርጉ ጓሮ ተሸሽጎ እሁድን ይጠብቃል።

ገጹን አሳምሬ ሠራሁት። ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው የሚስቁበት ፎቶ፣ ከላይ በትልቁ «ልንጋባ ነው» የሚል ጽሑፍ፣ ከታች ቀኑና አዳራሹ። ፕሮግራሙ የሠራኋቸውን ዌብሳይቶች በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ይደረድራቸዋል፤ በላይ ሬስቶራንቱ ከነገጾቹ፣ ከሥሩ ሰርጉ። ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኖ፣ ኖ። ከቁርጥ ሥር ነው ያስቀመጥሽኝ?»

እውነቷን ነው። የሬስቶራንቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቁርጥ በትልቁ ተንጠልጥሏል፤ የሷ ስም ልክ ከዚያ ሥር ገብቷል። በኛ አገር ሙሽራ ከፊት ትሄዳለች፣ ከላይ ትቀመጣለች፣ ቀድማ ትጎርሳለች። ከሥጋ ሥር አትሰቀልም። እኔም እንደ ሐበሻ አሰብኩና ሰርጉን ይዤ ጎትቼ ከሬስቶራንቱ በላይ አስቀመጥኩት። ይህ ከአክብሮት በቀር ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ የጠረጠረ የለም። እሷ ደስ ብሏት ሄደች፤ እኔ «ፐብሊሽ» የሚለውን ተጫንኩ።

ከሰዓቱን ሙሉ ሲልክ ዋለ። ሲጨርስ ነገሩን ላረጋግጥ ብዬ የሬስቶራንቱን አድራሻ ብቻ ጻፍኩ። በአትክልቱ መሃል ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ እየጠበቅኩ ብቅ ያሉት ሁለቱ ፍቅረኞች ናቸው፤ ግንባር ለግንባር ገጥመው፣ በትልቁ «ልንጋባ ነው»። መጀመሪያ አድራሻውን ተሳስቼ የጻፍኩ መስሎኝ ደግሜ ጻፍኩት። ደግመው ሳቁብኝ።

ለልጅቷ ደወልኩ።

«ነገ ጠዋት አባትሽ ኮምፒውተሩን እንዳይከፍቱ አድርጊ» አልኳት።

«ዋይ?»

«ሰርግሽ ፊት ለፊት ወጥቷል። የሬስቶራንቱን ዌብሳይት የከፈተ ሰው ሁሉ እናንተን ነው የሚያየው።»

ትስቃለች ወይም ትጮኻለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «አባዬ ያንን ነገር ሁለተኛ አይችለውም» አለች በንጹሕ አማርኛ። ያኔ እኔም ሳቄ ጠፋ።

ማክሰኞ ጠዋት የኮምፒውተሩን ማውስ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ጋሼ ካውንተሩን በረበሩ፣ አስተናጋጆቹን ጠየቁ፣ በር ላይ ያለውን፣ ናይሮቢ «አስካሪ» የሚሉትን ዘበኛ ሳይቀር መረመሩት። በመጨረሻ ለኔ ደወሉ።

«ልጄ፣ ማውሱ ጠፋብኝ። ያለ እሱ ማየት አይቻልም?»

«በፍጹም አይቻልም፣ ጋሼ።»

«ሌባ ማውስ ብቻ ይሰርቃል?»

«ዘንድሮ እሱን ነው የሚፈልጉት» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው።

በዚህ መሃል እኔ ሪፖርቱን ትቼ ዌብሳይት አክማለሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፎልደሩን ነው። ፕሮግራሙ ሲልክ ወዴት እንደሚልክ የምትጽፊበት ቦታ አለ፤ እዚያ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ፊደል በፊደል አየሁት። ልክ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ አየሁ፤ ሁለቱ ፎልደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሬስቶራንቱ በሬስቶራንቱ፣ ሰርጉ በሰርጉ፣ አንዱ ሌላውን አልነካም። ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ሆኖ እንግዳው ግን በዋናው በር ገብቶ ጓሮ ይገኛል።

ሁለተኛ የጠረጠርኩት የራሴን ኮምፒውተር ነው፤ የቆየ ገጽ በልቡ ይዞ ያታልለኝ ይሆናል ብዬ። ስለዚህ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከቢሮው ማዶ ያለ ሳይበር ካፌ ገብቼ በማላውቀው ማሽን ከፈትኩት። ሁለቱ አሁንም ይስቃሉ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ወደ ስክሪኔ ሰረቅ አድርጎ አየና «ኮንግራትስ» አለኝ። ልጅቷ እኔን መስላው ከሆነ ዓይኑ ደህና አይደለም፤ ቢሆንም አመስግኜው ወጣሁ።

ቀጥዬ ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት ደወልኩ። በጣም ትሑት ድምፅ ያለው ልጅ ለረጅም ሰዓት አስጠበቀኝና «ማዳም፣ በኛ በኩል ኢኮ ሳዋ» አለኝ። ደህና ነው ማለቱ ነው። ናይሮቢ ከኖርሽ ግን ኢኮ ሳዋ የተባለ ነገር ሁሉ አንዴ ዞር ብለው ማየት እንደሚያስፈልገው ታውቂያለሽ። ዞር ብዬ አየሁ፣ ምንም አላገኘሁም።

ረቡዕ ጠዋት ተስፋ ስቆርጥ የሰርጉን ፎልደር ከሰርቨሩ ላይ አጠፋሁት። አሁን የሬስቶራንቱ አድራሻ ሲከፈት ነጭ ገጽ ሆነ፤ ገጹ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ብቻ። ከሰርግ ባዶ ይሻላል ብዬ እፎይ አልኩ። ጋሼ ግን ለካ ማውስ ገዝተው ኖሯል። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ።

«ዛሬ የለም» አሉኝ።

«እድሳት ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ይታደሳል?»

«ቀለም እየተቀባ ነው።»

«እሺ እንግዲህ፤ ምሳ ስትመጪ እናወራለን» ብለው ዘጉት።

ረቡዕ የመሥሪያ ቤቴ ልጆች የጾም ምሳ የሚበሉት እሳቸው ጋ ስለሆነ መቅረት አልቻልኩም። በማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሄድን፤ ገና ከመቀመጤ ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቤ አረፉ። ስለ ቀለሙ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ስዘጋጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሁድ እንግዳ ሳይመጣ አይቀርም» አሉኝ። «ማን እንደሆነ አላውቅም። የሶፋውን ልብስ አሳጥቤአለሁ።»

«ጥሩ አደረጉ፣ ጋሼ።»

«ድሮ አገር ቤት እያለሁ ለሰው ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ሄጄአለሁ። ከዚህኛው ወገን ግን ተቀምጬ አላውቅም። ወዲያው እሺ ቢሉ ነውር ነው መሰለኝ?»

«ትንሽ ኮራ ማለት ያስፈልጋል» አልኩ።

«አዎ፣ ኮራ» አሉና ክራባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ዌብሳይቱም እስከ እሁድ ይድረስልኝ። እንግዶቹ ቤቱ እንዳይጠፋቸው።»

ይህን ብለውኝ ባዶ ገጽ ልተውላቸው አልቻልኩም። ቢሮ ተመልሼ ሬስቶራንቱን ብቻ መልሼ ላክሁት። ያ ፕሮግራም ግን አንዱን ላክ ሲሉት የጎደለውን ሁሉ ለቅሞ የሚልክ ቅን አሽከር ነው። ሰርጉ ከሰርቨሩ ላይ እንደጠፋ አየ፣ አዘነልኝ፣ ከሬስቶራንቱ ጋር አብሮ መለሰው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ፍቅረኞች ግንባር ለግንባር ገጥመው ጋሼ በር ላይ ቆመዋል። ለልጅቷ ስነግራት ብዙም አልደነገጠችም። «ኢትስ ኦኬ፤ እሱ የሚከፍተው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። የነገውን ጠዋት ለኔ ተዪው» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባቷን ላቪንግተን ሰፈር ያለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዛቸው ሄደች። ጥርሳቸውን አሟቸው አያውቅም። «ቼክአፕ ነው፣ ዳዲ፣ በዚህ ዕድሜ ግዴታ ነው» ብላ አሳመነቻቸው። ሐኪሙ ግን ከፍቶ ካየ በኋላ ባዶ እጁን መመለስ ስላልፈለገ ነው መሰለኝ አንዱን ነቀለባቸው። ጉንጫቸው እንደ ሎሚ አብጦ ወደ ቤት ገብተው ተኙ። ያን ጊዜ ሲነግሩኝ በእጄ አፌን ይዤ ነው የሳቅሁት።

ያው ሐሙስ ዌስትላንድስ መብራት ሄደ። ኢንተርኔቱም አብሮ ሄደ፤ ላፕቶፔ በባትሪው ቀረ። መላክ የለ፣ መሰረዝ የለ፣ መደወል የለ። እጄን አጣጥፌ ፕሮግራሙን ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም፤ ለካ ከመጀመሪያው ያላደረግኩት እሱን ነው። ከግራ በኩል ያለውን ረድፍ አየሁ። በላይ ሙሽራዋ፣ ከሥሯ ሬስቶራንቱ፣ ከሁሉም በታች ቁርጡ። «ከቁርጥ ሥር ነው ያስቀመጥሽኝ?» ያለችው ትዝ አለኝና ፈገግ ስል ነገሩ በራልኝ።

ፕሮግራሙ የግቢው በር ላይ አንዲት ትንሽ ገጽ ያቆማል፤ ሰው አያያትም። የሷ ሥራ የፎልደር ስም ሳይጠራ የመጣውን እንግዳ ተቀብላ ወደ አንደኛው ቤት መላክ ብቻ ነው። አንደኛው ቤት የትኛው ነው ቢባል በረድፉ ላይ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ነው። እኔ ሙሽራዋን ከላይ ያስቀመጥኳት ለክብሯ ነው፤ ማሽኑ የተረዳው ግን እንግዳ ሁሉ ወደሷ ይግባ ብዬ ነው። ፈረንጅ የሠራው ፕሮግራም ሙሽራ ከላይ እንደምትቀመጥ ከየት ያውቃል? ተናደድኩ፣ ግን በማን እንደምናደድ አላወቅኩም።

ሬስቶራንቱን ጎትቼ ወደ ላይ መለስኩት። መብራቱ ሲመጣ ላክሁት፤ ጋሼ በአትክልታቸው መሃል በክራባት ብቅ አሉ። ሰርጉም ጓሮው ገባ። ሙሽራዋ ከቁርጥ ሥር ተመለሰች፤ እሷን ለማስፈቀድ ጊዜ አልነበረኝም።

አርብ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። ጉንጫቸው ገና ስላበጠ ቃላቱ አንድ ወገን ላይ ይንከባለላሉ።

«ዛሬ አለ» አሉኝ። ቀጥለውም «ቀለሙ ግን ያው ነው» አሉ።

«ሲደርቅ ይለያል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ይድረቅ» ብለው ዘጉት። ለልጅቷ ደውዬ አለቀ፣ ማንም ሳያይ አለቀ አልኳት። ወሬውን በድል እንደተመለሰ ሰው ነው ያወራሁላት።

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። ናይሮቢ ውስጥ ሽማግሌ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሐበሻው ሁሉ ለሥራ የመጣ ጎልማሳ ነው። የልጁም ዘመዶች ካናዳና አዲስ አበባ ስለሆኑ ሦስቱንም የለመናቸው ከየቦታው ነው። አንዱ ምርኩዛቸውን ይዘው የመጡ ቄስ፣ ሁለተኛው ዝምተኛ ነጋዴ፣ ሦስተኛው ከአየር መንገድ ጡረታ የወጡና ኢንተርኔት ላይ የማያውቁት ነገር የለም የሚባሉ ሰው ናቸው። ልጅቷና እኔ ወጥ ቤት ገብተን በሩን ገርበብ አድርገን ቆምን። የምናየው ሽማግሌዎቹን፣ የጋሼን ጉልበትና ያበጠውን ፊታቸውን ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በወጉ ቆሙ። ቄሱ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ ልጃችንን ከልጅዎ ጋር በጋብቻ ልናስተሳስር ደጅዎን ጠንተናል እያሉ አሳምረው ሄዱ። ጋሼም እንደተለማመዱት ኮራ አሉ።

«ልጁን አላውቀውም» አሉ። «መልኩን እንኳ አይቼው አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁትም?» አሉ የአየር መንገዱ ሰውዬ ከልባቸው ተገርመው። «ረቡዕ ዕለት ቤትዎን እንዳንስት ካርታውን ልይ ብዬ ዌብሳይትዎን ብከፍት፣ ከልጅዎ ጋር...»

ነጋዴው ጫማቸውን ረገጧቸው። ቄሱ ሳል ያዛቸው። ልጅቷ ክንዴን ጨመቀችው፤ የጥፍሯ ምልክት ብዙ ቀን ቆይቷል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን የለንደኑን እንግዳ፣ ያንን «አመሰግናለሁ» ያሉበትን ፈገግታ አሰብኩ፤ አሁን ደግሞ በሽማግሌ ፊት ሊሆን ነው ብዬ አፈርኩ፣ አዘንኩ።

«የኔ ዌብሳይት ላይ ያለው ምግብና እኔ ነን» አሉ ጋሼ ረጋ ብለው። «ረቡዕም እንደዚያው ነበር። ማታ ላይ ከፍቼዋለሁ፤ ምንም አላየሁም።»

አይተዋል ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ሊያዩ ረቡዕ ማታ ከፍተውታል። ሁሉን አይተዋል፤ ልጁን፣ ቀኑን፣ አዳራሹን። አይተው ዘግተውታል፤ በነጋታው የማያስፈልጋቸውን ጥርስ እንኳ ዝም ብለው አስነቅለዋል።

«አባቶቼ» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «ይህን ነገር የምሰማው ከእናንተ አፍ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከሌላ ከማንም አይደለም። ድፍረት አይሁንብኝና ውጡ፤ ከበሩ ጀምሩልኝ።»

ሦስቱ ተያዩ። ከዚያ ቄሱ ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ፣ ነጋዴው ተከተሉ፣ የአየር መንገዱ ሰውዬ አንገታቸውን ደፍተው መጨረሻ ወጡ። በሩ ተዘጋ። ጋሼ የሶፋውን ልብስ በመዳፋቸው አቃኑ፣ ክራባታቸውን አጠበቁ። በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እንግዶች ነን፤ ለጉዳይ ነው የመጣነው።»

«ግቡ።»

ቄሱ እንደ አዲስ ጀመሩ፤ ከፊተኛው ይልቅ አስረዘሙት። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ጥለው፣ እያንዳንዷን ቃል ሰሟት። ደህና የሆነው ጉንጫቸው ላይ እንባ ሲወርድ አየሁ፤ አልጠረጉትም። ሲያበቁ «ልጁን አላውቀውም» አሉ ደግመው።

«እናስተዋውቅዎታለን» አሉ የአየር መንገዱ ሰውዬ ቀስ ብለው። «ጨዋ ልጅ ነው። ለሱ እኛ ዋስ ነን።»

ጋሼ ቀና ብለው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። እሺ ሊሉ ነው ብለን ልጅቷና እኔ እጅ ለእጅ ተያያዝን።

«ጥሩ» አሉ። «እንመካከርበታለን። በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹን እስከ ውጪው በር ሸኝተው ሲመለሱ በቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። ከምን ጊዜ ጀምሮ እዚያ እንደቆምን አልጠየቁንም። ውሃ ቀድተው በደህናው ወገን ጠጡ። ልጅቷ መታገስ አልቻለችም።

«ዳዲ፣ ዋይ? ጀስት እሺ በል አይበቃም? ዴቱን ታውቃለህ፣ አዳራሹን ታውቃለህ፣ ሁሉን አይተሃል።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥለው እሷን።

«ዛሬ የመጡት ለእህትሽ ነው» አሏት። «ላንቺ በሚቀጥለው እሁድ ይመጣሉ።»